በፖስታ የሄደ ዘር፦ የማርክ ኤመሪ ጉዳይ

ጁላይ 29 ቀን 2005 የካናዳ ፖሊስ ለአንድ ሰው ሲል በአገሪቱ ሁለት ጫፍ ተንቀሳቀሰ። በምሥራቅ፣ ሃሊፋክስ አካባቢ፣ ሰውየውን ራሱን ያዙት። በምዕራብ፣ ቫንኩቨር መሀል ከተማ፣ ሱቁ ገብተው በረበሩት። በሁለቱ ከተሞች መካከል አህጉር ሙሉ መሬት አለ። ሰውየው ማርክ ኤመሪ ይባላል። ያኔ 47 ዓመቱ ነበር።

የያዙት የካናዳ ፖሊሶች ናቸው። ያስያዘችው ግን አሜሪካ ናት። ክሱ የተከፈተው ሲያትል ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ምን ሸጠ? የካናቢስ ዘር። እኛ ሰፈር ቅጠሉንም አበባውንም ሙጫውንም ባንድ ላይ «ሀሺሽ» ብለን የምንጠራው ተክል ዘር ማለት ነው። «ዘሩ እኮ አያሰክርም፤ ታዲያ ምኑ ነው የሚያሳስረው?» የሚል ሰው አይጠፋም። እኔም አንድ ሰሞን እንደዚያ እል ነበር። ለዚህ ጥያቄ ከኤመሪ ጉዳይ የተሻለ መልስ አላገኘሁም።

ዘሩ ብቻውን

የካናቢስ ዘር ከቁንዶ በርበሬ ትንሽ ያንሳል። ግራጫ ነው፣ ዝንጉርጉር። ሲጨመቅ እንደ ኑግና እንደ ተልባ ዘይት ይወጣዋል። የሚያሰክረው ነገር ቲኤችሲ ይባላል። እሱ ያለው በሴቴዋ ተክል አበባ ላይ፣ በጥቃቅን የሙጫ ጸጉሮች ውስጥ ነው። ዘሩ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። አንድ እፍኝ ዘር የቆረጠመ ሰው እንደ ሱፍ ቆሎ ጥርሱ ላይ ይቀርበት ይሆናል እንጂ አይሰክርም።

ሕግ አውጪዎችም ይህን አላጡትም። በ1961 የተፈረመው የተባበሩት መንግሥታት የናርኮቲክ ስምምነት «ካናቢስ» የሚለው አበባና ፍሬ የያዘውን የተክሉን አናት ነው። ከአናቱ የተለየውን ዘር በግልጽ ከትርጉሙ አውጥቶታል። ስለዚህ ዘሩን በተመለከተ እያንዳንዱ አገር የራሱን መንገድ ያዘ። እንግሊዝ ውስጥ ካናቢስ ክልክል ነው፤ ዘሩን መግዛት ግን አይከለከልም። አፈር ውስጥ ከተው ውሃ ያጠጡት ቀን ነው ወንጀል የሚሆነው። ጀርመን ደግሞ ሕጓን እስክትቀይር ድረስ፣ ከ1998 ጀምሮ፣ ለማብቀል ታስቦ የተያዘን ዘር ትከለክል ነበር። እዚያ ሐሳብህ ነው የሚመዘነው።

አሜሪካና ካናዳ የመረጡት መስመር ከሁለቱም ይለያል። ዘሩ መብቀል ከቻለ ክልክል ነበር። መብቀል ካልቻለ ቆሎ ነበር።

ይህ መስመር ከየት መጣ? ከወፍ መኖ ነጋዴዎች ነው። በ1937 የአሜሪካ ኮንግረስ ማሪዋናን በግብር ስም ለማፈን ሕግ ሲያረቅ ነጋዴዎቹ ቀርበው አቤት አሉ። የእርግብን ላባ የሚያሳምር እንደዚህ ያለ ዘር አላገኘንም አሉ። ኮንግረሱ ሰማቸው። እንዳይበቅል የተደረገ ዘር ከሕጉ ውጪ ሆነ። ነጋዴዎቹም ዘሩን በሙቀት እየገደሉ መኖውን መሸጥ ቀጠሉ።

ነገሩ ከእኛም ብዙ አይርቅም። የኢትዮጵያ ኑግ አሜሪካ የሚሄደው ለወፍ መኖ ነው። እዚያ ከመሸጡ በፊት በሙቀት ይመታል፤ ከኑጉ ጋር የተቀላቀለ የአረም ዘር ወፎቹ በበተኑት ቦታ ሁሉ እንዳይበቅል ተብሎ። የአሜሪካ ወፍ ኑግ ቆሎ ነው የምትበላው ማለት ነው።

ካናዳም በ1997 ሥራ ላይ ባዋለችው የአደንዛዥ ዕፅ ሕግ ይህንኑ መስመር ያዘች። የማይበቅል ዘር ነፃ ሆነ። የሚበቅል ዘር ከነቅጠሉ፣ ከነአበባው በክልክሎቹ ሰንጠረዥ ውስጥ ተቀመጠ። ሕጉ ዘሩን የሚከሰው ገና ባልሆነው ነገር ነበር። ኤመሪ የሚሸጠው ደግሞ የሚበቅለውን ነው፤ የማይበቅለውን ማን በፖስታ ያዝዛል?

መጽሐፍ ሻጩ

ኤመሪ ሥራ የጀመረው በመጽሐፍ ነው። ገና በ17 ዓመቱ ኦንታሪዮ ውስጥ፣ ለንደን በምትባል ከተማ፣ መጻሕፍት ቤት ከፈተ። በ1994 ቫንኩቨር ገባና ስለ ካናቢስ የሚያወሩ መጻሕፍትና ዕቃዎች የሚሸጥበት ሱቅ አቋቋመ። ብዙም ሳይቆይ ዘር ጨመረበት።

ተደብቆ አልሸጠም። ካታሎግ አሳተመ። መጽሔት አወጣ። መጽሔቱን ለካናዳ የፓርላማ አባላት ሳይቀር ይልክ ነበር። ደንበኛው ከዝርዝሩ ይመርጣል፣ ገንዘቡን በፖስታ ይልካል፣ ዘሩ በፖስታ ይመጣለታል። አለቀ። የገቢ ግብር ሲከፍል ሥራውን «የማሪዋና ዘር ሻጭ» ብሎ እንደሚሞላና በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር በላይ ግብር እንደከፈለ በየመድረኩ ይናገር ነበር። ግብር ሰብሳቢው ገንዘቡን «የሐራም ነው» ብሎ አልመለሰለትም።

ትርፉ የሚሄደው ወደ ንቅናቄው ነበር። ለጠበቃ፣ ለሰልፍ፣ ካናቢስን ሕጋዊ ለማድረግ ለሚደረግ ዘመቻ፣ ካናዳም አሜሪካም ውስጥ። የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ማሪዋና ፓርቲን መሠረተ። በ2001 የክፍለ ሀገሩ ምርጫ ፓርቲው በ79ኙም የምርጫ ወረዳዎች እጩ አቆመ። ወንበር አላገኘም፣ 3 በመቶ ያህል ድምፅ ግን ሰበሰበ። የዘር ሽያጩ ራሱም ለኤመሪ ፖለቲካ ነበር። ተክሉን መንግሥት ነቅሎ እስኪሰለቸው ድረስ በየጓሮው ማብቀል ነው ሐሳቡ።

ፖሊስ ጨርሶ ዝም አላለውም። በ1990ዎቹ ሱቁ ደጋግሞ ተበርብሯል። በ1998 ዘር በመሸጥ ተፈርዶበታል። ቅጣቱ 2,000 ዶላር ገደማ ነበር። ከፍሎ ወጣ። ወደ ሥራው ተመለሰ።

በዚህ ጉዳይ ውስጥ እኔን ሁልጊዜ የሚያስገርመኝ የ2004ቱ ነገር ነው። ሳስካቱን በምትባል ከተማ አንድ ጥቅልል ማሪዋና ለሌላ ሰው አቀብለሃል ተብሎ ሦስት ወር ተፈረደበትና እስር ቤት ገባ። አንድ ጥቅልል! በዚያው ዓመት በሺዎች የሚቆጠሩ ዘሮች ከቫንኩቨር በየፖስታው ይወጡ ነበር። ለእነሱ የጠየቀው የካናዳ አቃቤ ሕግ የለም።

ለምን? የዘመኑ አየር እንደዚያ ነበር። በ2002 የካናዳ ሴኔት ኮሚቴ ካናቢስ ሕጋዊ ይሁን ብሎ ሪፖርት አወጣ። መንግሥትም ቅጣቱን ለማቅለል ረቂቅ እያወጣ ይተወው ነበር። ለፍርድ ቤት ዘር ሻጭ ማለት ገንዘብ ተቀጥቶ የሚሄድ ሰው ነው። ፖሊስም ለዚያ ለዚያ ምን አደከመኝ አለ መሰለኝ።

ሕጉ ግን አልተሻረም። ተኝቶ ነበር። ኤመሪ መተኛቱን እንደ መሞት ቆጠረው።

ከድንበር ማዶ የመጣ ቀስቃሽ

የኤመሪ ደንበኞች አብዛኞቹ አሜሪካውያን ነበሩ። ያ ነው ጉዳዩን የቀየረው። የአሜሪካው የአደንዛዥ ዕፅ ተቆጣጣሪ፣ ዲኢኤ፣ ሰዎቹን ደንበኛ አስመስሎ ላከ። በፖስታ አዘዙ፣ በአካልም ሄደው ገዙ። በሜይ 2005 ሲያትል ያለው ግራንድ ጁሪ (ሰው ይከሰስ አይከሰስ የሚወስን የዜጎች ጉባኤ) ኤመሪንና ሁለት ባልደረቦቹን ከሰሰ። ክሶቹ ሦስት ናቸው፦ ማሪዋና ለማሰራጨት መዶለት፣ ዘር ለማሰራጨት መዶለት፣ የወንጀል ገንዘብን ሕጋዊ ለማስመሰል መዶለት። ቢፈረድበት ቅጣቱ ከ10 ዓመት ይጀምራል። እስከ ዕድሜ ልክ ይሄዳል።

ከ2,000 ዶላር እስከ ዕድሜ ልክ። ያው ዘር ነው። ያው ፖስታ ነው። የተለወጠው የተከፈተበት አድራሻ ነው።

ሰው አሳልፎ ለመስጠት ከሚያስፈልጉት ነገሮች ዋናው፣ ድርጊቱ በሁለቱም አገር ወንጀል መሆኑ ነው። ኤመሪን የያዘው ወጥመድ ይኸው ነው። ፍርድ ቤት የሚመለከተው በሕጉ ላይ የተጻፈውን ነው። ፖሊስ ስንቴ ዓይኑን ጨፈነ፣ ዳኞች ስንት ብር ቀጡ የሚለው ብዙ ቦታ የለውም። የሚበቅል ዘር መሸጥ በካናዳ ሕግም ወንጀል ነበር፤ ያውም በወረቀት ላይ ከባድ ወንጀል። «አገሬ ትታኛለች» የሚል መከራከሪያ ሕጉ ከመጽሐፉ እስካልወጣ ድረስ አቅም የለውም። ጉዳዩ በካናዳ ፍርድ ቤት እስከ መጨረሻው ተሟግቶ አልተወሰነም፤ በኋላ ራሱ ስለተስማማ። ጠበቆቹ ግን መንገዱ ወዴት እንደሚያመራ ሳያዩት አልቀሩም።

አንድ ነገር ግን ለኤመሪ ደጋፊዎች እንደ ስጦታ መጣላቸው። በተያዘበት ዕለት የዲኢኤ ኃላፊ ካረን ታንዲ መግለጫ አወጡ። እስሩ ለማሪዋና ንግድ ብቻ ሳይሆን ለማሪዋና ሕጋዊነት ንቅናቄም ትልቅ ምት ነው አሉ። ሕጋዊ ይሁን የሚሉት ቡድኖች የሚተማመኑበት አንድ የገንዘብ ምንጭ ቀነሰባቸው ሲሉም ጨመሩ። እንግዲህ ይታያችሁ። ሰውየው «የታሰርኩት በፖለቲካዬ ነው» ብሎ ሊጮህ ሲዘጋጅ ከሳሹ ቀድሞ መሰከረለት! መግለጫው ለዓመታት በየሰልፉ ሲነበብ ኖረ።

እንዲያም ሆኖ የፖለቲካ እስረኛ ነው ብሎ መደምደም አይዋጥልኝም። ዘሩን ሸጧል፤ አልካደም። የአሜሪካን ሕግ ያውቃል። ወደዚያ ባይልክ ኖሮ ሲያትል የሚባል ጉዳይ አይኖርም ነበር። በሌላ በኩል፣ በዚያ ዘመን ዘር በፖስታ የሚሸጠው እሱ ብቻ አልነበረም። ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚሸጠው ግን እሱ ነበር። ሁለቱም እውነት ነው።

አምስት ዓመት የፈጀ ድርድር

ኤመሪ በዋስ ወጥቶ ቫንኩቨር ሆኖ ጠበቀ። ረጅም ነው፣ አሳጥረዋለሁ። በ2008 መጀመሪያ ላይ አምስት ዓመት ታስሮ፣ እስሩንም ካናዳ ውስጥ ፈጽሞ፣ ባልደረቦቹ እንዲለቀቁ የሚያደርግ ስምምነት ሊሰምር ተቃርቦ ነበር። የካናዳ መንግሥት አልተባበርም አለ። በ2009 ሁለቱ ባልደረቦች ጥፋታቸውን አምነው እስር ሳይገቡ በገደብ ተለቀቁ። ኤመሪም ለብቻው ተስማማና በሴፕቴምበር እጁን ሰጠ።

የመጨረሻው ፊርማ የፍትሕ ሚኒስትሩ ነው። ከሦስት ፓርቲዎች የተውጣጡ የፓርላማ አባላት፣ ከገዢው ፓርቲም ጭምር፣ አትስጡት የሚል የሕዝብ ፊርማ ይዘው ቀረቡ። ሚኒስትሩ ሮብ ኒኮልሰን በሜይ 2010 ፈረሙ። ኤመሪ በአሥር ቀን ውስጥ ሲያትል ነበር።

እዚያ ያመነው አንድ ክስ ነው፦ ማሪዋና ለማምረት መዶለት። ማምረት የሚለውን ልብ በሉ። ኤመሪ አሜሪካ ውስጥ አንድ ችግኝ አልተከለም። ዘሩን የገዙት ሰዎች ተከሉ። ሕጉ ግን ይበቅላል ብሎ እያወቀ ዘር ያቀበለውን ከአብቃዩ ጋር አንድ ላይ ያስቀምጠዋል። ወንጀሉ ከዘሩ ጋር ባንድ ላይ ያድጋል እንደማለት ነው።

ሴፕቴምበር 10 ቀን 2010 ዳኛ ሪካርዶ ማርቲኔዝ አምስት ዓመት ፈረዱበት። ኤመሪ ለዳኛው በጻፈው ደብዳቤ፣ ዓላማዬን በሕጋዊ መንገድ ማራመድ ነበረብኝ፣ በትዕቢት ሄጃለሁ ብሎ ነበር። ከልቡ ነው ወይስ ጠበቃ ያረቀቀው የሚለውን እያንዳንዱ እንደፈለገ ይውሰደው። ያን ያህል ዓመት ሲፎክር ለኖረ ሰው ግን ቃሉ ቀላል አይደለም።

ጆርጂያ ታሰረ። ከዚያ ሚሲሲፒ። ቀሪውን እስር አገሬ ልፈጽም ብሎ አመለከተ፤ አሜሪካ መጀመሪያ አልፈቀደችም፤ በኋላ ብትፈቅድም ዝውውሩ አልተፈጸመም።

አቃቤ ሕጉ

የዚህ ጉዳይ እንግዳው ምዕራፍ የከሳሹ ነው። ክሱ ሲከፈት የሲያትል ፌዴራል አቃቤ ሕግ ጆን ማኬይ ነበሩ። በ2007 መጀመሪያ ላይ ከሥልጣን ለቀቁ። ኤመሪ ሊፈረድበት ቀናት ሲቀሩት፣ በሴፕቴምበር 2010፣ ሲያትል ታይምስ ላይ ጽሑፍ አወጡ። ኤመሪን አላዘኑለትም፤ በጽሑፉ እንዲያውም ጎሽመውታል። ግን የኤመሪ ከሳሽ የነበርኩት እኔ እላችኋለሁ፣ የማሪዋና ፖሊሲያችን አደገኛና የተሳሳተ ነው አሉ። የቀድሞ ባልደረቦቼም ያውቁታል፤ ጮክ ብሎ የሚናገረው ነው የጠፋው ሲሉ ጻፉ።

በዚያም አላቆሙም። ሲያትል ባለችበት በዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ማሪዋናን ሕጋዊ የሚያደርገውን ሕዝበ ውሳኔ ከደገፉት ታዋቂ ሰዎች አንዱ ሆኑ። በኖቬምበር 2012 ሕዝቡ አጸደቀው። የመጀመሪያዎቹ ፈቃድ ያላቸው ሱቆች የተከፈቱት ጁላይ 8 ቀን 2014 ነው፤ ከእነሱም አንዱ ሲያትል ውስጥ። ኤመሪ ቅጣቱን ጨርሶ ሚሲሲፒ ካለው እስር ቤት የወጣው በማግስቱ፣ ጁላይ 9 ነው። እኔ አላቀናበርኩትም፤ እንዲሁ ሆኖ ነው። ከዚያም አንድ ወር ያህል በስደተኞች ማቆያ ከረመና ኦገስት 12 ከዲትሮይት ተሻግሮ ዊንዘር፣ ካናዳ ገባ። ደጋፊዎቹ ጠበቁት።

ከዚያ ወዲህ

የሲያትል አካባቢ አበሻ የበዛበት ነው። ሱቆቹን በየመንገዱ ያያል። አገር ቤት ሲሄድ ለወሬ ያህል አንዲት ዘር ኪሱ ውስጥ ቢከት ምን ይሆናል የሚል ካለ፣ ነገሩ ቀልድ አይደለም። በ2004 (በእኛ አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም.) በወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 የሚናገረው ስለተዘጋጀ አደንዛዥ ነገር ብቻ አይደለም፤ ስለ ተክሉና ስለ መትከሉም ነው። በቦሌ ፍተሻ ላይ ቆሞ «ዘር እኮ አያሰክርም» ብሎ መከራከር ለማንም አልመክርም።

ካናዳ ኦክቶበር 17 ቀን 2018 ካናቢስን ሕጋዊ አደረገች። አዋቂ ሰው በአደባባይ 30 ግራም ደረቅ ካናቢስ ወይም ከዚያ ጋር እኩል የሚቆጠር ነገር መያዝ ይችላል። በሕጉ ሰንጠረዥ ላይ አንድ ዘር ከአንድ ግራም ጋር እኩል ነው። 30 ዘር ይዞ መንቀሳቀስ ይቻላል ማለት ነው። በአንድ ቤት አራት ተክል መትከልም ይፈቀዳል፤ ጥብቅ የሆኑ ክፍለ ሀገሮች ግን አሉ። ኤመሪ ራሱ በዚህ መካከል አርፎ አልተቀመጠም። ሕጉ ከመውጣቱ በፊት ያለ ፈቃድ ሱቆች ከፍቶ በ2017 እንደገና ተያዘ፤ ከባድ የገንዘብ ቅጣት ከፈለ። ትምህርት አልወሰደም ያሉ ነበሩ። እሱ መቼ ነው ፈቃድ ጠይቆ የሚያውቀው?

የአሜሪካው ይበልጥ ያስቃል። በ2018 የወጣው የግብርና ሕግ ቲኤችሲው ከ0.3 በመቶ የማይበልጥ የካናቢስ ተክልንና ዘሩን «ሄምፕ» ብሎ ከእገዳ አወጣ። አንድ ጠበቃ ታዲያ ጠየቀ፦ ዘሩ ውስጥ ቲኤችሲ ከሌለ፣ የወጣው ከሚያሰክር ተክል ቢሆንስ? በጃንዋሪ 2022 መልስ መጣ። ዘሩ ራሱ ከመስመሩ ካላለፈ ሄምፕ ነው፣ አልቆጣጠረውም። ይህን የጻፈው ማን ነው? ዲኢኤ። ያው ኤመሪን ያሳደደው መሥሪያ ቤት።

ያም አልዘለቀም። በኖቬምበር 2025 የወጣ የአሜሪካ የበጀት ሕግ የሄምፕን ትርጉም እንደገና አጠበበው፤ የሚጸናውም ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። የሚበቅል ዘር የሚመዘነው በወለደችው ተክል ሆነ። እሷ ከ0.3 በመቶ ካለፈች ዘሯም ክልክል ነው። እናቷን አይተህ ልጅቷን አግባ እንዲሉ።

ከቫንኩቨር ሲያትል 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዛሬ በሁለቱም ከተሞች ካናቢስ በሱቅ ይሸጣል። ቫንኩቨር ውስጥ ዘሩንም ገዝቶ ቤት ውስጥ ማብቀል ይቻላል። ያንኑ ዘር ያለ ፈቃድ ፖስታ ውስጥ ከትቶ ወደ ሲያትል መላክ ግን አሁንም ወንጀል ነው። በካናዳው አዲስ ሕግ ከፍተኛው ቅጣት 14 ዓመት ነው።